«ቢኖር ይመረጣል» ስለተባለው የጣት መከላከያ

ለተከበሩ የቡና መፈልፈያ ማሽን ደረጃ አርቃቂ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደ ማኅተምዎ የጸና፣ ዐሥሩም ጣቶችዎ በያሉበት ደኅና ይሆኑ ዘንድ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ጅማ፣ በቾ ቦሬ የእሸት ቡና መፈልፈያ የምሠራ ብረታ ብረት ሠራተኛ ነኝ።

አንደኛ፣ አምና በለቀማ ወቅት የቡ ከተማ ላይ፣ ሳቢሃ የምትባል እህታችን እኔ በሠራሁት ማሽን የቀኝ እጇን ሁለት ጣቶች አጣች። ልጠይቃት ሄጄ ቀና ብዬ ማየት ሲያቅተኝ፣ «ወላሂ አልቀየምኩህም፤ ግን ክዳን ሥራለት፣ ነገ የሌላዋ ተራ ነው» አለችኝ። ከላሜራ ሽፋን ሠራሁለት። ወዲያው እርስዎ ለዚሁ ማሽን ደረጃ እያረቀቁ መሆንዎን ሰምተን ሁለታችንም አዲስ አበባ ድረስ መጣን። አርባ አንድ ገጽ ያለው ረቂቅዎ ስለ ቀለሙ ውፍረትና ስለ ስም ሰሌዳው ቦታ በስፋት ሲያብራራ፣ ስለ ጣት አንዲት ቃል እንኳ አለማባከኑ የቁጠባ ትምህርት ሆኖናል።

ሁለተኛ፣ ሳቢሃ እጇን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ «ይሄ ስንተኛው ገጽ ላይ ነው?» ብላ ስትጠይቅ፣ «አስተያየት የሚቀርበው በጽሑፍ ነው» ብለው በትሕትና ቅጽ ስለሰጧት እናመሰግናለን። እሷ እየነገረችኝ እኔ ጻፍኩ፤ በግራ እጇ ፈረመች።

ሦስተኛ፣ ደረጃው ጸደቀ። ቀለሙ «ግዴታ»፣ ሽፋኑ «ቢኖር ይመረጣል» ሆነ። እኛም መረጥነው። መርማሪዎ መጥተው ሽፋኑ የስም ሰሌዳውን ይጋርዳል በማለት ማሽኔን ጣሉት፤ ሰሌዳውን ላዛውረው ብል ቦታው ግዴታ መሆኑን፣ ሽፋኑን ባነሣው ግን እንደማልፍ በደግነት አስረዱኝ። አላነሣሁትም። የቡና ገበሬ ማኅበራቱ የደረጃ ምልክት የሌለውን ስለማይገዙ ሁለት በያጆቼን አሰናበትኩ፤ ያን ቀን ከሽፋኑ ይልቅ ራሴን ረግሜአለሁ። ሳቢሃ ግን ጎረቤቶቿን አስተባብራ ሰባት ማሽን አሠራችኝ።

ዘንድሮ ለቀማው አልቋል። በሰባቱ ማሽኖች ጣቱን ያጣ ሰው የለም። ሰባቱም ከደረጃ በታች መሆናቸውን በታላቅ ሐፍረት አስታውቃለሁ።

ለቀለምዎ ውፍረት ዘወትር የሚጨነቀው ታዛዥዎ፣
ኤርሲዶ ላምቦሬ

ድኅረ ጽሑፍ፦ በጸደቀው ደረጃ መግቢያ ላይ «ከባለድርሻ አካላት ጋር በሰፊው በመመካከር» የሚለውን ለሳቢሃ አነበብኩላት። «ኤኙ? እነማን ናቸው?» አለችኝ። እኛ ነን አልኳት። እስካሁን ትስቃለች።