ፍሬን ስላልነበረው ወንበርና ክቡርነትዎ ስለ ተጓዙት ቁልቁለት

ግንቦት 12 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለክቡር አቶ ሀብተሥላሴ
የአነስተኛ ንግድና የአካል ድጋፍ መሣሪያዎች ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ቦንጋ

ክቡር ሆይ፤ ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ ጤናዎ የተሟላ፣ ወገብዎ የጠና፣ ክርንዎ ላይ የነበረው ጭረትም ጠባሳ ሳይተው የደረቀ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። ቤተሰብዎ እንዴት ነው? የጽሕፈት ቤቱ ሠራተኞችስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እንዲያውም ካለፈው ሚያዝያ 30 ወዲህ ብቻዬን እየሳቅሁ ጎረቤት አስቸግሬአለሁና፣ በዚህ አክብሮት በተሞላ ጽሑፍ መሐል ሳቅ ካመለጠኝ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

በመዝገብዎ ውስጥ ያለሁት በቁጥር ስለሆነ ስሜን ላስተዋውቅ። ላቀች ቢሻው እባላለሁ። ሬዲዮ፣ ቴፕና ሞባይል እጠግናለሁ። በአራት ዓመቴ ፖሊዮ ሁለቱንም እግሮቼን ስላደከማቸው የምሄደው በሁለት ክራንች ነው። ክራንች መልካም ነገር ነው፤ ችግሩ ሁለት እጅ ይይዛል። በዚህ ምክንያት መሣሪያም ሆነ የደንበኛ ዕቃ ተሸክሜ ርቄ መሄድ አልችልም። ሬዲዮ በጥርስ ነክሶ መሄድ ደግሞ እንደማያዋጣ ሞክሬ አረጋግጫለሁ።

ቤቴ ከዳገቱ አናት ላይ ነው። ከሺሺንዳና ከዋጫ በአውቶቡስ የሚመጣው ገበያተኛ የሚወርደው ታች ገበያው ዘንድ ስለሆነ፣ የተበላሸ ሬዲዮ ይዞ እኔ ቤት ድረስ ዳገት የሚወጣ ሰው በሳምንት አንድ ቢገኝ ነው። ስለዚህ ሚያዝያ 1 ቀን የገበያው ኮሚቴ ታች አንዲት የቆርቆሮ ሱቅ ሲሰጠኝ እንጀራዬ ተገኘ ብዬ አለቀስኩ። ቅድመ ሁኔታው አንድ ነበር፤ ሱቁ በሠላሳ ቀን ውስጥ ሥራ ካልጀመረ ለተጠባባቂ ይተላለፋል። በዚያው ሰሞን የእርስዎ ጽሕፈት ቤት በእጅ የሚዘወር ባለሦስት ጎማ ወንበር እንደመጣለት፣ የሚሰጠውም በአነስተኛ ንግድ ለተሰማራ አካል ጉዳተኛ እንደሆነ ሰማሁ። ከዚህ በኋላ የደረሰብኝን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ደረጃው አድናቆቴን ልግለጽ። መሄድ ለተቸገሩ ሰዎች መገልገያ የሚያድል ቢሮ ፎቅ ላይ መሆኑ ብዙዎችን ግራ ያጋባል። እኔ ግን ሃያ አራቱን ደረጃ በመቀመጫዬ ስወጣ ጥቅሙ ተገልጦልኛል፤ ያን ያህል የወጣ ባለጉዳይ እላይ ሲደርስ ለመከራከር የሚሆን ትንፋሽ አይተርፈውም። ክራንቾቼን ይዘው ከኋላዬ የተከተሉኝ ጥበቃው ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ ነበሩ። "አይዞሽ ልጄ፣ ትንሽ ነው የቀረው" አሉኝ። አሥራ ዘጠኝ ደረጃ ቀርቶኝ ነበር። እላይ ስደርስ የያዝኩት ጉርድ ፎቶ ስለሆነ ሙሉ ቁመቴን የሚያሳይ ይዤ እንድመለስ ተነገረኝና ወረድኩ።

ሁለተኛ፤ በማግሥቱ ሙሉ ቁመቴን ይዤ ወጣሁ። የሥራ ሂደት ባለቤቱ አቶ ማዕረግ ቅጼን አዩ፣ አቧራ የጠጣ ቀሚሴን አዩ፣ ከዚያ በሩን አዩ።

"እዚህ ድረስ እንዴት መጡ?" አሉኝ።

"በደረጃው።"

"ማን ተሸክሞዎት?"

"ማንም። ራሴ ወጣሁ።"

ብዕራቸውን አነሡና ድምፃቸውን ከፍ አድርገው እያነበቡ ጻፉ፤ "አመልካቿ ያለ ሰው ድጋፍ ፎቅ የሚወጡ በመሆናቸው የመንቀሳቀስ ችግራቸው አጠራጣሪ ሆኖ ተገኝቷል።"

"እሺ፣ ባልወጣስ ኖሮ?" አልኩ።

"ያን ጊዜማ በአካል አልቀረቡም ተብሎ ይሰረዛል" አሉኝ፤ ቅንጣት ክፋት ሳይኖርባቸው።

ክቡር ሆይ፣ እዚያው ወለሉ ላይ ተቀምጬ እንባዬ እስኪፈስ ሳቅሁ። አቶ ማዕረግ ደንግጠው ውኃ አስመጡልኝ፤ ስለ ውኃው አመሰግናለሁ። ከዚያ የሐኪም ማስረጃ አምጪ ተባልኩ። ማስረጃውን አውጥቼ ለሦስተኛ ጊዜ ስመጣ ግን ልብ ገዝቼ ነበር። ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስን እንዲያዝሉኝ ለመንኳቸው፤ ለእግሬ ሳይሆን ለማስረጃዬ ስል። ስድሳ ዓመት ያለፋቸው ሰው እያለከለኩ አዝለውኝ ወጡ። አቶ ማዕረግ እንዲያ ታዝዬ ሲያዩኝ ፊታቸው በራ፤ "አሁን ግልጽ ሆነ!" ብለው ፈረሙ።

ሦስተኛ፤ ያን ዕለት ወንበሩን ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት። ለደህንነቱ ሲባል ፎቅ ላይ ነበር የተቀመጠው። ሥራ ፈት እንዳልነበረ ስመለከት ኮራሁ። ስድስት ወፋፍራም ፋይሎችና አንድ የሻይ ቴርሞስ ተሳፍረውበት፣ ፀሐፊዋ ከክፍል ወደ ክፍል ስትገፋቸው አየሁ። ፋይሎቹ በፍጹም እግር የላቸውምና ከእኔ ቀድመው መስተናገዳቸው አግባብ ነው። ወንበሩን እንድወስድ ስጠይቅ ግን የርክክብ ሥነ ሥርዓት እስኪዘጋጅ፣ እንግዶችም ቀን እስኪያገኙ ድረስ እንደማይቻል ተገለጸልኝ። ቀኑ ሚያዝያ 30 ተቆረጠ። ኮሚቴው ሱቄን ለተጠባባቂ የሚያስተላልፈው በዚያው ዕለት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነበር። ይህን ለአቶ ማዕረግ ስነግራቸው "እንዴት ያለ መገጣጠም ነው!" አሉ።

አራተኛው ቅሬታ አይደለም፤ ምስጋና ነው፤ ረዘም ስለሚል ቁጥሩንም ከዚህ በኋላ እተወዋለሁ።

ሚያዝያ 30 ከቀትር በኋላ ሥነ ሥርዓቱ ከጽሕፈት ቤቱ ደጃፍ፣ መንገዱ ወደ ታች መውረድ ከሚጀምርበት ላይ ተደረገ። እንግዶች ተቀምጠዋል። እኔ የመሣሪያ ቦርሳዬን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ፣ ከዚያው ወደ ሱቄ ለመሄድ ተዘጋጅቼ ከፊት ቆሜአለሁ። ወንበሩ ሲወርድ የጠጋኝ ዓይን አይተኛምና ጎማዎቹን አየሁ። የፍሬኑ ሽቦ በባዶው ተንጠልጥሏል። ወደ አቶ ማዕረግ ጠጋ ብዬ "ይህ ወንበር ፍሬን የለውም" አልኳቸው። በጨዋ ደንብ "በፕሮግራሙ መሠረት አስተያየት የሚሰጠው ከሻይ በኋላ ነው" ብለው መለሱልኝ።

ክቡርነትዎ ግሩም ንግግር አደረጉ። ቀጥሎ የመሣሪያውን ምቾት ለእንግዶች ለማሳየት ራስዎ ተቀመጡበት። "ኧረ ይተው፣ ጋሼ!" ብዬ ጮኼ ነበር፤ ትሕትና መስሏቸው ሰዎች አጨበጨቡ። ፎቶ አንሺው "ትንሽ ወደፊት፣ ጋሼ" አለ። ወደፊት ሄዱ። ፎቶ አንሺው "በቃ" አለ። እርስዎ ግን አልበቃዎትም።

ወንበሩ ቁልቁል ይዞዎት ሲነጉድ ሕዝቡ የፕሮግራሙ አካል መስሎት ጭብጨባውን አቀለጠው። እኔ ብቻ ነበርኩ የገባኝ። ክራንቼን እያወዛወዝኩ ባለ በሌለ ድምፄ "መዘወሪያውን ይልቀቁት፣ እጅዎን ይመታዎታል! መሪውን ብቻ ይያዙ!" አልኩ። የሰው ምክር ሳይውል ሳያድር ሲቀበሉ ያየሁዎት ያኔ ነው። ወዲያው ለቀቁት።

"ወዴት ልሂድ?" እያሉ ጮኹ፤ ካፖርትዎ ከኋላዎ እንደ ክንፍ ተዘርግቷል።

"ወደ ቅጠሉ!"

"የቱ ቅጠል?"

"አረንጓዴው!"

እንዴት ያለ መሪ አያያዝ ነበር! ሁለት ፍየሎችን አልፈው፣ ሰው ሳይነኩ፣ እትዬ አበዛሽ ለሽያጭ ከመንገዱ ዳር የከመሩት የእንሰት ቅጠል ውስጥ ሙሉ በሙሉ ገቡ። ለአፍታ የሚታየው ጫማዎ ብቻ ነበር። እትዬ አበዛሽ መጀመሪያ በአገሬው ቋንቋ በካፊኖኖ አንድ ነገር ተናገሩ፤ በዚህ ደብዳቤ አልተረጉመውም። ከዚያ እርስዎ መሆንዎን ሲያውቁ በአማርኛ፣ በታላቅ አክብሮት፣ "ጋሼ፣ ቅጠል ከፈለጉ እኮ ማስጠራት ይበቃ ነበር፤ እኔ እመጣልዎት ነበር" አሉ።

እኔ በክራንቼ እስክደርስ ሰዉ ጎትቶ አውጥቶዎት ነበር። ከጭረት በቀር ምንም አልሆኑም፤ ይህን በማየቴ ከልቤ ደስ ብሎኛል፣ በዚህስ አልቀልድም። ፊትዎ ነጥቷል። ዘወር ብለው አዩኝና "እኔን አይደለም… አንቺን ነበር እኮ በዚህ የምንለቅሽ" አሉ። ከእርስዎ አፍ የሰማሁት ያልተጻፈ ንግግር ይህ ብቻ ስለሆነ ቃል በቃል ይዤዋለሁ። ቀጥለው ወደ አቶ ማዕረግ ዞሩ።

"ፍሬኑ የት ነው?"

"ተነቃይ ዕቃ ለብቻው ይቀመጥ ስለሚል፣ የንብረት ክፍሉ አቶ ዘገዬ ፈትተው ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፈውታል።"

"ቁልፉስ?"

"አቶ ዘገዬ ኪስ ውስጥ።"

"አቶ ዘገዬስ?"

"ጅማ፣ ሥልጠና ላይ።"

"የምን ሥልጠና?"

አቶ ማዕረግ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "የንብረት አያያዝ።"

በዚህ ጊዜ አሥር ሰዓት አልፎ ነበር። እኔም ፕሮግራም ሳልጠብቅ "ቁም ሳጥኑን አውርዱልኝ፣ ማጠፊያውን እፈታዋለሁ" አልኩ። እርስዎ "አውርዱላት!" አሉ። አራት ሰዎች ቁም ሳጥኑን ከነሆዱ በአራት ደቂቃ ከፎቅ አወረዱት። እኔ መሬት ላይ ተቀምጬ በካቻቢቴ የበሩን ማጠፊያ ፈታሁ፣ ፍሬኖቹን ከታሰሩበት ላስቲክ አወጣሁ፣ ገጠምኳቸው፣ ሽቦውን ወጠርኩ፣ ሦስት ጊዜ ሞከርኳቸው። እንግዶቹ ሻያቸውን ይዘው በዙሪያዬ ቆመው ያዩ ነበር። ከዚያ ክራንቾቼን ከኋላ አሠርኩና ተቀመጥኩ።

ክቡር ሆይ፣ ያን ቁልቁለት ሁለታችንም ወርደነዋል፤ እኔ ግን ዓይኔን ከፍቼ ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ መንገድ የማውቀው እያንዳንዱን ድንጋይ እያየሁ፣ ክራንቼን የት እንደማሳርፍ እያሰላሁ ነበር። ያን ዕለት ቀና ብዬ ሄድኩ። የሰዎችን ፊት አየሁ፤ የጣሪያዎቹን ቆርቆሮ አየሁ፤ ወዲያ ማዶ ጫካው ላይ የተኛውን ጉም አየሁ። ነፋሱ ነጠላዬን ወስዶ እትዬ አበዛሽ ላይ ጣለው፤ አልቆምኩም። ፍሬኔን ያዝ ለቀቅ፣ ያዝ ለቀቅ እያደረግሁ፣ እንደ ሕፃን እየጮህኩ ወረድኩ። መታጠፊያው ላይ ያለ ምክንያት አንዴ ቆምኩ። መቆም መቻሌን ለማየት ብቻ።

ሱቁ ጋ ስደርስ ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ነበር። የኮሚቴው ሰው አዲስ ቁልፍ ይዞ፣ ተጠባባቂውም አጠገቡ ቆሟል። ቦርሳዬን ባንኮው ላይ ዘረገፍኩና መበየጃዬን፣ ፒንሳዬን፣ ካቻቢቴዬን ደረደርኩ። "ሥራ ጀምሬአለሁ" አልኩ። የኮሚቴው ሰው ሰዓቱን አየ፣ እኔን አየ፣ ቁልፉን ወደ ኪሱ መለሰ። ከዚያ ወዲህ እነሆ በሥራ ላይ ነኝ፤ ትናንት ከሺሺንዳ ብቻ ሰባት ሬዲዮ መጣልኝ።

በሰሌዳዎ ላይ የለጠፉትን ሪፖርትም አንብቤዋለሁ፤ "ኃላፊው በራሳቸው ተነሣሽነት የመሣሪያውን ፍጥነት በተግባር ፈትሸዋል" ይላል። እውነት ነው፤ እመሰክራለሁ። በዚሁ ሰሌዳ ላይ ነጭ ዘንግ ለማግኘት የተመዘገቡ ሰዎች ስም በደቃቅ ፊደል ተለጥፏል። ዓይነ ስውሩ ገመድ ሠሪ ጋሽ ፍቅሩ ስማቸው እዚያ መኖሩን ያወቁት እኔ ስነግራቸው ነው፤ "ቀርበው አላነበቡም" ተብሎ ተራው አልፏቸዋል። መስማት የማትችለው ልብስ ሰፊዋ ኤሊም ለስፌት መኪና ድጋፍ ቀርባ ሦስት ጊዜ በስሟ ተጠርታ "የለችም" ተብላለች፤ የተቀመጠችው ከጠሪው ፊት ነበር።

ስለዚህ በትሕትና የምለምነው እነዚህ ሁለት ሰዎች እንደገና እንዲስተናገዱ፣ ቢሮውም ወደ ምድር ቤቱ እንዲወርድ ነው። ምድር ቤቱ በሚሊኒየሙ በዓል ጌጦች መያዙን አውቃለሁ። ጌጦቹ ግን ፎቅ ላይ ቢቀመጡ አቤቱታ አያቀርቡም። ከባድ ቁም ሳጥን በአራት ደቂቃ ያወረደ መሥሪያ ቤት ጠረጴዛዎቹን ለማውረድ ግማሽ ቀን እንደሚበቃው በሙያዬ አስልቼአለሁ፤ ካቻቢቴ ካስፈለገ እኔ አለሁ።

በእንሰት ቅጠል ምክንያት ክብርዎ ለአፍታም ያልቀነሰብኝ፣ በሁለት ጠንካራ ፍሬን ላይ ተቀምጬ የማከብርዎ፣ ዛሬም እየሳቅሁ የምጽፍልዎ አመስጋኝዎ፣

ላቀች ቢሻው
የሬዲዮ፣ የቴፕና የሞባይል ጠጋኝ
ታችኛው ገበያ፣ ቦንጋ

ግልባጭ፦
ለአቶ ዘገዬ፣ ከሥልጠና ሲመለሱ
ለእትዬ አበዛሽ፣ በቃል የሚነገር

ድኅረ ጽሑፍ፤ ይህን ፈርሜ ሳበቃ ባለቤትዎ የሳሎናችሁን ሬዲዮ ይዘው መጡ። "ከስድስት ወር ወዲህ ቃል አልተነፈሰም፤ ጋሼም ሬዲዮው ሞቷል፣ ይጣል ብለዋል" አሉኝ። ፈትቼ አየሁት። ምንም አልሆነም። አንድ ሰው ድምፁን እስከ መጨረሻው ቀንሶት ነው እንጂ፣ ከፍ ሳደርገው ሰዎቹ እየተናገሩ ነበር።