የረቡዕና የዓርብ ዳገት

ይድረስ ለእታለም ፍቅርአዲስ ጌታሰው፣ ቤይሩት።

እንዴት ከረምሽ እታለም? ጤናሽስ እንዴት ነው? በክረምቱ ሲያምሽ የነበረው ወገብሽ ተሻለሽ ወይ? አሠሪዎችሽስ እንቅልፍ ይሰጡሻል? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነን፤ ካንቺ ናፍቆት በቀር የጎደለብን የለም። ዝናቡ ወጥቶ ደብረ ማርቆስን አሁን ብርዱ ይዟታል፤ ፀሐይዋ ግን ረፈድ ሲል ደግ ናት።

እሑድ እሑድ በስልክ እየተገናኘን ደብዳቤ ምን አመጣው እንደምትዪ አውቃለሁ። በስልክ ልነግርሽ ደጋግሜ ጀምሬ አፌ አልታዘዝ ሲለኝ ስለ ጤፍ ዋጋ አውርቼ ዘጋሁት። ስናወራ አባባ አጠገቤ ናቸው፤ ደግሞም የሚያሳፍር ነገር ለወረቀት ይቀላል፣ ወረቀት ፊት አያይም። ለእረፍት መጥታ የነበረችው የብርጓል ወደዚያው ስለምትመለስ በእሷ እጅ ልኬልሻለሁ።

አባባን ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ ከደብረ ወርቅ አምጥቼ እኔ ዘንድ እንዳስቀመጥኋቸው ታውቂያለሽ። ሐኪሙ በየቀኑ ዳገት ያስወጧቸው፣ ግራ እግራቸው ይመለሳል ሲለኝ ደረቴን ነፍቼ ነበር። የስፖርት መምህር ልጅ እያላቸው ሌላ ማን ሊያንቀሳቅሳቸው? የማስተምረው ከሰዓት ስለሆነ ረፋዱ ላይ ከዘራቸውን አስይዤ ከቤታችን እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ያለውን ዳገት እንወጣለን።

ታዲያ አንዳንድ ቀን እያወሩ፣ እየቀለዱ ይወጡታል። አንዳንድ ቀን ደግሞ ግማሹ ላይ ሳንደርስ ከንፈራቸው ይደርቅና ድንጋይ ፈልገው ይቀመጣሉ። ዛሬ እግሬ ከበደኝ ልጄ ይላሉ፤ ሌላ ነገር አይጨምሩም። የእኔን ጠባይ ታውቂው የለ፣ ሚጥሚጣ ነው። ትናንት የወጡትን ዳገት ዛሬ ማን ከፍ አደረገው እያልሁ እነጫነጭባቸው ነበር።

ይህ ቁጡ ወንድምሽ እኮ ትምህርት ቤት ሌላ ሰው ነው። ተማሪዎቼን ሳስሮጥ አንዱ ወደኋላ ከቀረ ለብቻው ጠርቼ፣ ማታ ተኝተሃል ወይ፣ ቁርስ በልተሃል ወይ፣ ውሃስ፣ ቤት ሰላም ነው ወይ ብዬ እጠይቀዋለሁ። ሰውነት ሁልጊዜ አንድ አይደለም፤ ያልተኛ፣ ያልበላ፣ ሐሳብ የገባው ሰው ትናንት የሮጠው ሩጫ ዛሬ ይከብደዋል እያልሁ አስተምራለሁ። ለሰው ልጅ እንዲህ የምጨነቅ ሰው፣ አባቴን አንድ ቀን እንኳ ምን ቀምሰው ነው የወጡ ብዬ አልጠየቅሁም። ምራታቸው ፅጌ ወደ ሥራ ስትሄድ ዳቧቸውን፣ ሻያቸውንና ኪኒናቸውን አስቀምጣላቸው ትወጣለች። እኔ ከጠዋት ሩጫዬ ስመለስ ሳህኑ ባዶ ነው፤ በቃ፣ በልተዋል እላለሁ።

በመስከረም መጨረሻ አንድ ዓርብ ነው። ሮጬ ስጨርስ ከስታዲየሙ አጠገብ ካለችው ምግብ ቤት እንቁላሌን በቅቤ በልቼ መጣሁ። አዎ፣ በዓርብ። ስፖርተኛ ነኝ ብዬ ጾም ከተውሁ ቆይቻለሁ፤ ለፅጌም ለአባባም ግን አልተናገርሁም። እንዲያውም ዕለቱ ዓርብ መሆኑን ጭራሽ ረስቼዋለሁ።

አባባ ዳገቱ ወገብ ላይ ሲቀመጡ ደሜ ፈላ። ባጃጅ የሚጠብቀው፣ ከገበያ የሚመለሰው ሰው ሁሉ እያየ፣ ስንፍና ነው አልኋቸው። አባቴን። ክንዳቸውን ይዤ ወደ ላይ ጎተትሁ። ጉልበታቸው ከዳቸውና አስፋልቱ ላይ ተንበረከኩ፤ ከጋቢያቸው እጥፋት በፌስታል የተጠቀለለ ዳቦ ወደቀ። ፅጌ ጠዋት ያስቀመጠችላቸው ዳቦ ነው። አንዲት እናት ሮጠው መጥተው ደግፈው አነሷቸውና እኔን ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። ያን አስተያየት እስካሁን ከላዬ ማራገፍ አልቻልሁም።

አባባ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ፌስታሉን በጋቢያቸው ጫፍ ጠርገው፣ ይህን ለእማሆይ አመተ ሥላሴ ስጥልኝ፣ ይጠብቁኛል አሉ። ከቤተ ክርስቲያኑ በር የሚቀመጡ ዓይነ ስውር መነኩሲት ናቸው፤ እንደምንም ደርሰን አባባ ሊሳለሙ ሲገቡ እኔ ራቅ ብዬ ስልኬን እያየሁ ስለምጠብቃቸው፣ ዳቦ ሲሰጧቸው አይቼ አላውቅም። ወስጄ ስሰጣቸው ዳቦውን ዳሰስ አደረጉና፣ የረቡዕና የዓርቡ ሰው ምነው ዛሬ ቀሩ አሉኝ። እዚያው ቆሜ አሰብሁት። ዳገቱ የከበዳቸው ቀን ሁሉ ረቡዕና ዓርብ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት እስኪሆን እህልም፣ ውሃም፣ ኪኒንም አይቀምሱም ኖሯል። ይህን ለማወቅ ከዓርብ ጋር የተዋወቀ ሰው መሆን ብቻ ይበቃ ነበር።

በማግስቱ የንስሐ አባታቸውን አባ አምደሚካኤልን ለምኜ አመጣኋቸው። በሽተኛ ነዎትና ጾሙን ፈትቼልዎት አልነበረም ወይ አሏቸው። አባባ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? የተፈታልኝ የእኔው ጾም ነው አባ፤ ይህ የእኔ አይደለም፣ የልጄ ነው፤ ሰው ቤት ናት፣ የሰጧትን ነው የምትበላ፣ ራሷ ነግራኛለች፤ እስክትመለስ ልያዝላት ብዬ ነው አሉ። አባ አምደሚካኤል መስቀል አሳልመውን ሄዱ።

እታለም፣ አንቺን ለመውቀስ አይደለም። የራሴን ስሚው። ቄሱ ከወጡ በኋላ፣ ረቡዕም ዓርብም የእሷ ነው ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። መሬት መሬት እያዩ፣ የለም፣ ረቡዕ የእሷ ነው አሉ። ዓርብስ አልሁ። ዓርብ ያንተ ነው፣ ዓርብ ዓርብ ከሩጫህ ስትመለስ ቅቤ ቅቤ ትሸታለህ አሉኝ። ምነው ያኔ መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ። ጠግቤ የጎተትኋቸው ሰው የተራቡት ለእኔ ነበር።

እግራቸው ላይ ወድቄ ይቅርታ ጠየቅሁ። ይቅር አሉኝ፤ ጾሙን ግን ስትይዘው እለቀዋለሁ አሉ። በቀጣዩ ዓርብ ያዝሁት። እሳቸው ዳቧቸውን በልተው ኪኒናቸውን ሲውጡ አየሁ፤ እኔ ጠዋት ሮጬ ውሃ እንኳ ሳልቀምስ ዳገቱ ላይ ጉልበቴ ተብረከረከ። አባባ ከዘራቸውን እየተከሉ ቀድመውኝ ወጡና ዞረው፣ ምነው መምህር፣ ትናንት የወጣኸውን ዳገት ዛሬ ማን ከፍ አደረገው አሉኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ልስቅ ስል ዕንባዬ ቀደመኝ።

ረቡዕ ግን ባንቺ እጅ ነው። ጹሚ አልልሽም፤ የሰው ቤት ኑሮሽን እኔ ምን አውቄ። ዋሽተሽም ጾምሁ አትበያቸው፣ ያውቁብሻል። ብቻ እሑድ ስትደውዪ፣ አባባ፣ የእኔን ለእኔ ተዉልኝ፣ እግዚአብሔር ያለሁበትን ያያል በያቸው። እኔ እንዳልለምናቸው በምን አፌ?

ፅጌ ወገብሽን በሙቅ ጨርቅ ያዢው ብላ ሰላም ትልሻለች። ልጃችን ሳራ የላክሽላት ጫማ ጠቧታል፤ አላወልቅም ብላ እያነከሰች ትስምሻለች። እማሆይ አመተ ሥላሴ ስምሽን ጠይቀውኝ በጸሎታቸው ያስቡሻል። አብረውሽ ላሉት የአገር ልጆች ሁሉ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። አባባ መጻፌን ስለማያውቁ የእሳቸውን ሰላምታ አልላክሁልሽም። ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ዘጠኝ ሰዓትን እየጠበቁ ናቸው። ዛሬ ረቡዕ ነው።

ወንድምሽ ሙላት ጌታሰው
ደብረ ማርቆስ፣ ጥቅምት 19 ቀን 2018 ዓ.ም.