ቦሎቄው የጾም አልነበረም

ሩክሳንድራዬ፣

ወደ ሥራ፣ ወደ ዳቦ ቤቱ እየሮጥኩ ነው፣ አውቶቡሱ ሊያመልጠኝ ነው። በረንዳው ላይ ያለውን ቦሎቄ እንዳትነኪው!

ቅቤ አለበት።

የትናንቱም ነበረበት። "የጾም ነው አይደል?" ስትይኝ እንደገና መሥራት ስለደከመኝ ዝም ብዬ "አዎ" አልኩሽ። አንቺ ደግሞ "እናንተ ንስሐ ገቢ ፕሮቴስታንቶች ትደብራላችሁ፣ ግን አትዋሹም" ብለሽ ስቀሽ ሁለት ሳህን በላሽ። እኔም አብሬሽ ሳቅኩ።

ከተጠመቅኩ እኮ ገና ሁለት ሳምንቴ ነው። በነጭ ልብስ ከገንዳው ስወጣ ፎቶ ያነሳሽኝ አንቺ ነሽ።

ነገ ከመቁረብሽ በፊት ለቄሱ ንገሪያቸው፤ የዋሸችኝ ሊግያ ናት በያቸው። ከፈለግሽ አብሬሽ ሄጄ ራሴ እነግራቸዋለሁ።

በዘይት ብቻ የሠራሁልሽ ቀዩ ድስት ውስጥ አለ።

ካላመንሽኝ ዳቦ ብዪ፤ አልቀየምሽም።

ሊግያ