የሳኩባይ ድምፅ ያለ ሳኩባይ የመጣ ዕለት

ለ፦ ክቡር ቪናያክራኦ ዲግራስካር ሳሄብ፣ የማዘጋጃ ቤቱ የጽዳት ተቆጣጣሪ (ቢሮ ከተገኙ)
ከ፦ ታናጂ ሎንዴ፣ የካሳር ጋሊ ልጅ፣ አስረኛ ክፍል ሁለት ጊዜ አንገዋሎ የጣለኝ
ጉዳዩ፦ ከባድ ወንጀል

ክቡር ሆይ፣

ቆመው እያነበቡ ከሆነ እባክዎ ይቀመጡ፤ መርዶ ቆሞ አይሰማም። የዛሬ ዘጠኝ ቀን፣ ሐሙስ፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የጽዳት ሠራተኛዋ ሳኩባይ ካምብሌ ሰፈራችንን በጋሪዋ ዘፈን ቀስቅሳ፣ አንድ ፌስታል እንኳ ሳትሰበስብ እብስ ብላለች ተብላ ከሥራ ታግዳለች። ከነገ ወዲያ ሰኞ ደግሞ እርስዎ ከፈረሙ ትባረራለች። ይህን ያውቁታል፤ ያገዷት እርስዎ ነዎት። መርዶው ሌላ ነው፦ ሳኩባይ ያን ሰዓት ሰፈራችን አልነበረችም።

ወደ ነገሩ ከመግባቴ በፊት ግን ወጉ አይቅርብኝና፣ ለመሆኑ ጤናዎ እንዴት ነው? ቤትዎ ከጋሊው፣ ከዚህች ጠባብ መንገዳችን፣ ጫፍ ስለሆነ በየቀኑ በመኪና ሲያልፉ እናይዎታለን። በዚህ ሁሉ ሙቀት መስታወቱ ዝግ ነው፤ ብርድ እንዳያገኝዎ ነው ብለን ጥንቃቄዎን እናደንቃለን። ሽታ ነው የሚሉ ምቀኞችም አሉ፤ እኔ አላምናቸውም።

አሁን አቤቱታዬን በቁጥር አቀርባለሁ። ቁጥር ትምህርት ቤት ከቀሩልኝ ጥቂት ነገሮች አንዱ ነው።

አንደኛ። የሰፈራችንን የቆሻሻ ገንዳ ስላነሱልን እናመሰግናለን። «ገንዳ የሌለበት ከተማ» የሚል የምስክር ወረቀት ሲቀበሉ እኛም አጨብጭበናል። ከዚያ ወዲህ ቆሻሻችን እቤት ቁጭ ብሎ የሳኩባይን ጋሪ ይጠብቃል። ሁላችንም «ማውሺ» እንላታለን፣ የእናቴ እህት እንደ ማለት ነው፤ የእናታችን እህት ብትሆን ኖሮ ግን ውሃ ስትጠይቀን በራሳችን ብርጭቆ በሰጠናት ነበር። በየቀኑ ሁለት ሰዓት ላይ ባለ ሦስት ጎማ ጋሪዋን ብቻዋን እየገፋች ትመጣለች። ጋሪው ላይ የታሰረው ሳጥን እርስዎ ያስቀረጹትን የንጽሕና ዘፈን ይዘፍናል፤ «ንጹሕ» የሚለው ቃል ላይ ሲደርስ ባትሪው ስለሚደክም ን-ን-ን እያለ ይንተባተባል። በመሃል ማውሺ ራሷ ትጮኻለች፦ «እርጥቡ ለብቻ፣ ደረቁ ለብቻ! የልጅ ሽንት ጨርቅ ከሽንኩርት ልጣጭ ሥር የቀበርሽው እመቤት፣ አውቄሻለሁ!» ጋሪዋ ያመለጠው ሰው እስከ ማግስቱ ከዓሣው እሾህ ጋር አብሮ ያድራል።

ሁለተኛ። ለማውሺ ስለሰጧት የእጅ ጓንት ምስጋናችን ወሰን የለውም። ፎቶግራፉ ላይ በጣም አምሮባታል። ፎቶው እንዳለቀ ጓንቱን መልሰው መውሰድዎም ተገቢ ነው፤ እንዳይቆሽሽ።

ሦስተኛ። ይህን ቁጥር ለጊዜው ይዝለሉት። ስለ እኔ ነው።

አራተኛ። ሠራተኞች ሲገቡ አውራ ጣታቸውን የሚያሳርፉበትን ማሽን ከዲዋሊ በዓል ጀምሮ እንዲያርፍ ስለፈቀዱለት፣ እሱም ደክሞታልና፣ እግዜር ይስጥልን። ማሽኑ ቢሠራ ኖሮ ማውሺ ሐሙስ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ጋሪ ማደሪያው ግቢ ውስጥ ጎማዋን እየነፋች እንደነበር አውራ ጣቷ ይመሰክርላት ነበር። አሁን ምስክሯ ጎማው ብቻ ነው፤ እሱም ተንፍሷል።

አምስተኛ። ስለ ምርመራዎ ፍጥነት። አሥራ ሰባት ጎረቤቶቼ ቀርበው ማውሺ በንጋት መጥታ እንደሄደች ቃላቸውን ሰጡ። ጡረተኛው መምህራችን ፔንድሴ ጉሩጂማ ሁለቱን ጆሮዎቻቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው «በእነዚህ ነው የሰማኋት!» ብለው ማሉ። እውነታቸውን ነው፤ አሥራ ሰባቱም አልዋሹም። ዘፈኑን ሰምተዋል፣ መንተባተቡን ሰምተዋል፣ ጩኸቷን ሰምተዋል። እርስዎ ግን፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ «ያያትስ ማን ነው?» ብለው አንዱንም አልጠየቁም። ቢጠይቁም ነገሩ ብዙም አይለወጥም ነበር። በዚህ ጋሊ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ድምፅዋን የማያውቅ የለም፣ ፊቷን ቀና ብሎ የሚያይም የለም። እኔም አላይም ነበር።

እንግዲህ ሦስተኛ።

የካካዬ፣ የአጎቴ፣ ሥራ ለሰርግ የድምፅ ማጉያ ማከራየት ነው፤ እኔ ሽቦ እጎትትለታለሁ። ረቡዕ ዕለት የማውሺን ዘፈን ከነጩኸቷ በስልኬ ቀዳሁ። ሐሙስ በንጋት ጣሪያ ላይ ወጥቼ ትልቁን ማጉያ ወደ ጋሊው አዙሬ ለቀቅሁት። ምክንያት ካሉኝ ምክንያት የለኝም፤ ሰፈሩ በሌሊት ልብሱ ሲሮጥ ማየት አማረኝ። አየሁም። ፔንድሴ ጉሩጂ አፋቸው የጥርስ ሳሙና አረፋ ሞልቶ፣ በአንድ እግራቸው የሚስታቸውን ነጠላ ጫማ አድርገው፣ ሁለት ባልዲ አንጠልጥለው ሲወጡ ከውሃ ታንከሩ ጀርባ ሆዴን ይዤ ተንከባለልሁ።

ታች ያለው ወግ ግን እንዲህ ነበር።

«የታለች?»

«ሄዳለች! ዛሬ ክንፍ አብቅላለች መሰለኝ።»

«እና ይህን የትናንት ዓሣ አቅፌው ልዋል?»

አንዲት ፌስታል ከአሮጌው ጉድጓድ አጠገብ ካለው ባዶ ቦታ ወደቀች። ያን ቦታ ማውሺ ማንም ሳያዛት በገዛ እጇ ያጸዳችው ነበር። የመጀመሪያዋ ፌስታል ብቸኛ ነበረች፤ ሁለተኛዋ ጓደኛ ሆነቻት፤ ከዚያ በኋላ ማኅበር ነው። ሳቄ ቆሞ ነበር። ወርጄ «እኔ ነኝ፣ መልሱት» ማለት እችል ነበር። አልወረድሁም። ቁርሴን በላሁ።

ሁለት ሰዓት ላይ ማውሺ እንደ ወትሮዋ ጋሪዋን እየገፋች መጣች። «አሁን ደግሞ ጥፋቷን ልትሸፍን መጣች!» ተባለች። እሷም ግራ ገብቷት አንዴ ክምሩን፣ አንዴ እኛን አየች። ሦስት ሰዓት ላይ የከተሞችን ንጽሕና የሚመዝኑት ዳኞች ከእርስዎ ጋር ደረሱ፤ ቀንዷ ላይ ፌስታል የሰቀለች ላም ተቀበለቻቸው። የቀረውን ያውቁታል። የማያውቁት፣ በዚህ ዓመት ማውሺ ከአሥራ አንድ ዓመት ኮንትራት በኋላ ቋሚ ሠራተኛ ልትሆን እንደነበር ነው። ወይም ያውቁታል።

እኔ ቀልደኛ ነኝ፣ ሌላ ሙያ የለኝም። የሰው ጫማ ደብቄ አውቃለሁ፤ የሰው እንጀራ ደብቄ ግን አላውቅም ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ የጉሩጂን አረፋ ለማስታወስና ለመሳቅ ሞክሬ ነበር፤ አረፋው ይመጣል፣ ሳቁ አይመጣም።

ማክሰኞ ቤቷ ሄጄ ነገርኋት። ምስር እየለቀመች ነበር፤ እጇን አላቆመችም።

«እስቲ አሰማኝ» አለችኝ።

ስልኬን አውጥቼ አሰማኋት። እስከ መጨረሻው አዳመጠች።

«እንዲህ ነው የምጮኸው?»

«አዎ፣ ማውሺ።»

«ምነው እንዲህ ደክሞኛል?»

እግሯ ላይ ልወድቅ ስል በምስሩ ሰሃን መለሰችኝ። «ተው፣ ምስሬን ትደፋዋለህ። ለእኔ ምን ትነግረኛለህ? እኔ እንዳልመጣሁ አውቃለሁ። ለማያውቀው ንገር።»

ስለዚህ ወደማያውቀው መጣሁ። ረቡዕ፣ ሐሙስና ዓርብ ቢሮዎ ደጅ ጠናሁ። ተላላኪዎ በጣም ጨዋ ሰው ነው። «ሳሄብ ስብሰባ ላይ ናቸው፤ ነገ ና» ይለኛል። «ነገስ ይኖራሉ?» ስለው «ነገም ስብሰባ ላይ ናቸው፤ አንተ ግን ነገ ና» ይለኛል። ለዚህ ነው ይህን ደብዳቤ በግልጽ ጽፌ በጋሊው ግድግዳ ላይ፣ ገንዳው ከነበረበት ቦታ በላይ የለጠፍሁት። ከለጠፍሁት ወዲህ የሆነውንም እዚሁ ልጨምር፦ ጉሩጂ የፊደል ስህተቴን በቀይ እስክሪብቶ አርመውልኛል። እስከ መጨረሻው ካነበቡ በኋላ በዚያው እስክሪብቶ ከታች «የሰማሁት ማጉያውን ነው» ብለው ፈርመዋል፤ ከዚያም በጆሮዬ ይዘው ጎትተውኛል፣ ጆሮዬ አሁንም ትቃጠላለች። እስካሁን አሥራ አራት ሰው ፈርሟል። ሦስቱ «እናስብበት» ብለዋል፤ ፌስታል ለመጣል ግን አላሰቡም ነበር።

የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። ሰኞ የሚፈረመው ወረቀት ላይ የእሷን ስም ሰርዘው የእኔን ይጻፉ። እኔ ሠራተኛዎ ስላልሆንሁ ማባረር ይቸግርዎታል፣ አውቃለሁ፤ መጀመሪያ ይቅጠሩኝና ያባርሩኝ። ባዶውን ቦታ በገዛ እጄ፣ ያለ ጓንት፣ ጠርጌ ጨርሻለሁ። ማውሺ እስክትመለስ ጋሪውን ልገፋም ዝግጁ ነኝ። አልጮኽም፤ እንደ እሷ መጮኽ አልችልም።

መስታወትዎ ሳይሰነጠቅ፣ ወንበርዎ ሳይነቃነቅ፣ ስብሰባዎ ሳያልቅ ረጅም ዕድሜ የሚመኝልዎ፣ የእግርዎ ትቢያና የጋሊው ቆሻሻ፣

ታናጂ ሎንዴ

ማሳሰቢያ፦ ክምሩን ስጠርግ ከአንድ ትልቅ ጥቁር ፌስታል ውስጥ፣ በማንጎ ፍሬዎች መካከል፣ «ለክቡር ዲግራስካር ሳሄብና ለመላ ቤተሰባቸው» የሚል የሰርግ ጥሪ ካርድ አገኘሁ። ማውሺም ያን ቀን ፌስታሉን አይታው ነበር፤ የማን ቤት ፌስታል የቱ እንደሆነ ለይታ ታውቃለች፣ ሲጠይቋት ግን የማንንም ስም አልጠራችም። ካርዱን አጥቤ ከዚህ ጋር አያይዤዋለሁ። ሰርጉ ሰኞ ማታ ነው፤ ማጉያውን የሚያከራየው ካካዬ፣ ሽቦውን የምጎትተው እኔ ነኝ፣ ስለዚህ እዚያ መገናኘታችን አይቀርም። እስከዚያ ራስዎን አያስጨንቁ። መርዶ ብዬ አስደነገጥሁዎ እንጂ ነገሩ ሁሉ ሲታይ በጣም ቀላል ነበር፤ አርባ ሰከንድ የማይሞላ ዘፈን።