ስለ በቅሎ ማሰሪያውና ስለ ልጄ ቃል

ለክቡር ቀኛዝማች አካለ ወልድ፣ የፍርድ ቤቱ ግቢ ሹም

ክቡር ሆይ፣ የሰማይና የምድር ጌታ ጤናዎን ያብዛልዎ፣ ዕድሜዎን ያርዝምልዎ፣ ቤትዎን በበረከት ይሙላልዎ እያልሁ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ እነሣለሁ። እኔ ማመልከቻ ጸሐፊው ደምለው ነኝ፤ ከግቢዎ በር አጠገብ ከወይራው ሥር ተቀምጬ የባላገሩን አቤቱታ ስጽፍ ፀጉሬ ሸብቷል። ለሰው ስጽፍ ኖሬ ለራሴ ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ ስለሆነ፣ የአክብሮቱ ቃል ቢያንስ ወይም ቢበዛ አስቀድሜ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

ከሁሉ በፊት ስለ አዲሱ አጥር እንኳን ደስ ያለዎት እላለሁ። ታላቅ እንግዳ ከደብረ ማርቆስ ይመጣሉ ተብሎ ከግቢው ፊት የነበረው የበቅሎ ማሰሪያ ችካል ሁሉ ተነቅሎ፣ ፋንድያው ተጠርጎ፣ ቦታው ታጥሮ አበባ ተተክሎበታል። ባለጉዳዩም በቅሎውን ከከተማ ውጭ ሜዳ ላይ እያሰረ በእግሩ ይመጣል። እንግዳው እስካሁን አልመጡም፤ አበባው ግን እየጠወለገም ቢሆን እየጠበቃቸው ነው።

ጉዳዬ ስለ ልጄ ስለ ሥራነሽ ነው። እርስዎ የበቅሎ ጋኔን የያዛት ብለው ስለሚያውቋት፣ ከስሟ ይልቅ በዚህ ቢያስታውሷት አይከፋኝም። ሥራነሽ የሰው ዓይን አታይም፤ ሲጠሯት አትዞርም፤ ጫጫታ ሲበዛ ጆሮዋን ይዛ ትወዛወዛለች። እናቷ ስሜነሽ ያልወሰደቻት ጠበል የለም። ቃል ከአፏ የወጣው ግን በዚያ ማሰሪያ ነው። ከአጠገቤ ተቀምጣ ባለጉዳይ በቅሎውን ሲያስር ስታይ ቆይታ፣ አንድ ቀን «ዳማ» አለች። ከፊቷ የታሰረችው በቅሎ መልኳ ዳማ ነበር። ውላ አድራ ቡላ አለች፣ ቦራ አለች፤ የበቅሎ መልክ ስትጨርስ ኮርቻ፣ ልጓም፣ ግላስ አለች። ሰው ሲስቅ እኔና እናቷ አለቀስን።

ከዚያ ወዲህ እሷ በሄደችበት መንገድ ተከተልኋት። አቤቱታ ሊያጽፍ የመጣውን ሁሉ፣ እባክህ በቅሎህን አስይዛት፣ ስለ በቅሎህም ጠይቃት እያልሁ እለምን ነበር። ባላገር ደግ ነው። ከሮብ ገበያ የሚመጣው አቶ አንሙት ለቀጠሮው በመጣ ቁጥር አስቀድሞ የሚያነጋግረው እሷን ነበር፤ በቅሎዬ ዛሬ እንዴት ናት ይላታል፣ እሷም ዓይኗን ከበቅሎዋ ሳትነቅል ውሃ ጠምቷታል ትለዋለች፣ እሱም ሄዶ ያጠጣል። ይህ ለክቡርነትዎ ተራ ወሬ ነው፤ ለእኛ ግን ልጃችን ከሰው ጋር ተነጋገረች ማለት ነበር። አንድ ቀንማ አንሙት ልጓሙን ለእኔ ሰጥቶኝ ወደ ችሎት ሲገባ፣ «አባዬ፣ አጥብቀህ ያዛት» አለችኝ። አባዬ ስትለኝ የመጀመሪያዋ ነበር።

ችካሉ የተነቀለ ዕለት ባዶው ቦታ ላይ ተቀምጣ እስኪመሽ ጮኸች። በማግስቱም እንዲሁ። ከዚያ ጩኸቱ ቀረ፤ ቃሉም አብሮ ቀረ። ሜዳው ድረስ ወስጃት ነበር፤ ዘበኞችዎ ግን ሌባ በዝቷል ብለው ከባለቤቱ በቀር ማንም ወደ በቅሎ እንዳይጠጋ ከልክለው ኖሯል። ጥንቃቄያቸው ይመስገን።

ስለዚህ በደሌን፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ምስጋናዬን፣ በተራ አቀርባለሁ።

፩ኛ፤ አንድ ችካል ብቻ ከአጥሩ ውጭ ይተውልኝ ብዬ ስለምንዎ፣ ግቢው የሰው እንጂ የከብት መዋያ አለመሆኑን ስላስረዱኝ አመሰግናለሁ።

፪ኛ፤ ልጅቱን አስረህ ጠበል ውሰዳት ብለው ስለመከሩኝ አመሰግናለሁ። በቅሎ ማሰር በተከለከለበት ግቢ ሰው ማሰር የተፈቀደ መሆኑን አላውቅም ነበር።

፫ኛ፤ በሷ ስም አቤቱታ ባቀርብ፣ ሥርዓት ነውና ባለጉዳይዋ ራሷ ቀርባ ቃሏን ትስጥ ብለው አዘዙ። እናቷ ነጠላ አልብሳት አቀረብናት። እርስዎ ጠየቋት፤ እሷ የጠረጴዛዎን እግር እያየች ቆመች። ደግመው ጠየቋት። ጸሐፊዎ ብዕሩን አንሥቶ ጠበቀ፣ እኔም ጠበቅሁ፣ እናቷም ከበሩ ውጭ ጠበቀች። ከዚያ አመልካቿ ቃሏን ስላልሰጠች ብለው መዝገቡን ዘጉት። ክቡር ሆይ፣ ቃሏን ከአፏ የነጠቋት እርስዎ ነዎት፤ ተመልሰው ደግሞ አምጪ አሏት። የብዙ ሰው በደል ጽፌአለሁ፤ ይህን ግን እንዴት እንደሚጻፍ አላውቅበትም። እንዲያው አንጀቴ አርሯል ብዬ ልተወው። ዛሬ ሥራነሽ ግድግዳ ተደግፋ ትውላለች፤ አባዬም አትለኝም።

ይህን ደብዳቤ በመዝገብ ቤት በኩል ማቅረብ ሲገባኝ በአዲሱ አጥርዎ ላይ ስለለጠፍሁት አይቀየሙኝ። ማንበብ የማይችል ባለጉዳይ ካለ አጠገቡ ቆሜ አነብለታለሁ።

ለከፍተኛው ሥልጣንዎ ዝቅ ብዬ፣ ስለ ሰፊው ትዕግሥትዎ አመስግኜ፣ ለአበባዎም ዝናብ ለምኜ እሰናበታለሁ።

ታዛዥ አገልጋይዎ፣ የሥራነሽ አባት
ደምለው ምንይችል
ጥር ፲፱፻፷፪ ዓ.ም.

ድኅረ ጽሑፍ፦ የልጄን ቃል አሁንም መቀበል የሚፈቅዱ ከሆነ፣ ክቡርነትዎ እስከ ቤታችን ለመምጣት አይድከሙ፤ በቅሎዎን ብቻ ይላኩልን።