የታዴ ገብስማ

መጋቢት 12፣ ሰኞ፣ ጠዋት

ዛሬም በሰፌድ ተከልዬ ነው ሽንት ቤት ደርሼ የመጣሁት። በገዛ ግቢዬ! በሩን ገርበብ ሳደርግ ክንፉን ጥሎ በጎን በጎን ይመጣል፣ ያ ሰላቶ። ባቴን ሁለት ቦታ ቀዶኛል። በዚህ ዕድሜዬ ከአውራ ዶሮ ጋር ጦርነት። ለሰው ባወራው ይስቅብኛል። አንቺ አትስቂም ደብተሬ፣ ለዚህ ነው ላንቺ የምነግርሽ።

የታዴ ባይሆን ኖሮ እስካሁን ድስት ውስጥ ነበር። ልጄ ለብሔራዊ ውትድርና ሲሄድ ይሄ አውሬ መዳፍ የማይሞላ ጫጩት ነው። እንዳትነኪብኝ አለኝ። ስመለስ እኔ አርደዋለሁ፣ አንቺ ትሠሪዋለሽ፣ አንድ ላይ እንበላዋለን አለ። እሺ አልኩ። ምን ልበል ታዲያ? ጫጩቱ አደገና ገብስማ ሽፍታ ሆነ። ታዴ ሰሜን ነው። ከመስከረም ወዲህ ድምፁ የለም።

ለማንኛውም ጾም ነው። እስከ ፋሲካ አላስብበትም።

መጋቢት 15፣ ሐሙስ

ምክር በምክር ሆኛለሁ። ቁልቁል ስቀዪው የሚል አለ፣ ውሃ ድፊበት የሚል አለ። ውሃ ደፋሁበት፤ ተራግፎ እኔኑ አበሰበሰኝ። እግሩን በሲባጎ አሰርኩት፤ በጠሰው። ከጓሮ የሚኖረው ኡስማኤል፣ የጎረቤቴ የዘይነባ ባል፣ ጫት ሊያመጣ ወደ ገለምሶ ሲሄድ በአጥር አየኝና መድኃኒቱን ነገረኝ። በብብትሽ ይዘሽው ዋዪ፣ ኩራቱ ይሰበራል አለ። ያዝኩት። እንደ አራስ ታቅፌው ሽሮ አማሰልኩ። ዝም አለ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ ሆዴ ራራ። መሬት ሳስቀምጠው እጄን ነከሰኝ። ምስጋናው ይሄው።

ዘይነባ ከወዲያ በሳቅ ሞተች። እኔም ሳቅኩ፣ ምን ላድርግ።

መጋቢት 19፣ ሰኞ፣ ከቀኑ 9 ሰ.

ፊደሉ ካልተነበበ አትፍረጂብኝ።

ኢፍቱን ነከሳት። የዘይነባን ልጅ፣ የአምስት ዓመቷን። ወንፊት አምጪ ተብላ ነው የመጣችው። ቤት ውስጥ ስፌት ላይ ነኝ፣ ኮርማ! ኮርማ! እያለች ስትጮህ እሰማለሁ። የምር በሬ የገባ መስሎኝ ዱላ ፍለጋ ዞርኩ። በነሱ ኦሮምኛ አውራ ዶሮም ኮርማ መሆኑን አውቃለሁ እኮ! ስንት ዓመት አብሬያቸው ኖሬ! ዱላ ስፈልግ እሱ ፊቷ ላይ ወጥቷል።

ከዓይኗ ሥር ነው። ጤና ጣቢያ ይዘናት በረርን። ትንሽ ከፍ ቢል ዓይኗ ጠፍቶ ነበር አሉን። ሰፉላት።

ዘይነባ አልተቆጣችኝም። ጭራሽ እኔን ታጽናናለች። አብሽሪ የታዴ እናት፣ ልጅ ናት፣ ይሽራል። ምነው በሰደበችኝ! ምነው ፀጉሬን በነጨችው! ውሃ ሆኜ ተመለስኩ።

እሱ አጥር ላይ ቆሞ ይጮሃል።

መጋቢት 24፣ ቅዳሜ

ከታዴ ጋር አብሮ የሄደው የላይ ሰፈሩ ልጅ መርዶ ተነገረ። የዛሬው ለቅሶ ሌላ ነው። እናቱን ማየት አልቻልኩም። እሷ ግን አየችኝ፣ በዚያ ሁሉ ሰው መሃል እኔን ብቻ። ያንቺስ? የምትል መሰለኝ። ቀድሜ ወጣሁ።

ግቢዬ ስገባ መጣብኝ፣ እንደ ልማዱ። ሰፌድ አልያዝኩም። ዱላም የለኝም። መሬት ቁጭ አልኩ። በል ምታ አልኩት፣ ምታኝ፣ አንተም። መታኝ። ትከሻዬን፣ ክንዴን። በኋላ ሰለቸው መሰለኝ ከፊቴ ቆሞ አንገቱን አዘንብሎ አየኝ። ጫጩት ሳለ ታዴን እንደዚህ ነበር የሚያየው።

በሕይወት ያለኝ የታዴ ነገር እሱ ብቻ ነው። ይሄን ለማን ይነግሩታል? ልብስ አለ፣ ጫማ አለ፣ እነሱ ግን አይተነፍሱም። ይሄ ይተነፍሳል። ባርደው እኮ ልጄን መጠበቅ ተውኩ ማለት ነው።

ሚያዝያ 1፣ ቅዳሜ፣ የፋሲካ ዋዜማ

ወይ ውርደት።

ጋሽ ሽብሩ ቢላቸውን ይዘው መጡ። በየበዓሉ ወንድ የሌለበትን ቤት እየዞሩ ዶሮ የሚያርዱልን እሳቸው ናቸው፣ መቼም ሴት አታርድ። ሰፈሩ ነግሯቸዋል፣ የታለ ያ ሽፍታ አሉ። ጠፋ አልኩ። ቀይዋን ዶሮ ሰጠኋቸው፣ ያቺን እንቁላል የማታቋርጠውን፣ አንጀቴ እያረረ። በስመአቡን አድርሰው፣ ባርከው፣ ቢላውን ሲጠርጉ፣ ከአልጋዬ ሥር ኩኩሉ!

እንቅብ ደፍቼበት፣ ድንጋይ ጭኜበት ነበር። ዝም በል ብዬ ለምኜዋለሁ።

ጋሽ ሽብሩ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ዶሮ ፈርታ ዶሮ የምትደብቅ ሴት አሉ። የታዴ ነው አልኳቸው። ሳቁን ትተው አንገታቸውን ደፉ። የእጃቸውን እንኳ ሳይቀምሱ ወጡ።

ዶሮ ወጡን ሠራሁ። ማን ሊበላው?

ሚያዝያ 11፣ ማክሰኞ

ረመዳን ትናንት ገባ። የኔ ጾም አለቀ፣ የነሱ ጀመረ። ፀሐዩም እንደዚያው።

ቀትር ላይ ከላይ ሰፈር ስመለስ ዘይነባን አየኋት። ጀሪካን በጀርባዋ አዝላ፣ በዳገቱ ዞራ ትመጣለች። ቦኖው ከኔ በር ፊት ለፊት ነው፣ ሁልጊዜ በግቢዬ ነው የምታልፈው። ለምን በዚህ ዞርሽ አልኳት። ለካ ኢፍቱ ከተነከሰች ጀምሮ እንደዚህ ነው የምትቀዳው። በጾም አፏ ደርቆ፣ ሆዷ ገፍቶ፣ ሰባተኛ ወሯ እኮ ነው! ለኔ ትንፍሽ አላለችም። ዶሮው የታዴ መሆኑን ታውቃለች፣ ለዚህ ነው።

ጀሪካኑን ልቀበላት ስል ኢፍቱ ከኋላዋ ተደበቀች። ከኔ! ቀሚሴ ላይ እሱ የተቀመጠ ይመስል።

እንቅልፍ የለኝም ደብተሬ። ባርደው ታዴን፣ ባላርደው ኢፍቱን። ምን ይዋጠኝ?

ሚያዝያ 12፣ ረቡዕ፣ ማታ

አደረግሁት።

ከሰዓት ጆንያ ጣልኩበት። ጨለማ ሲሆንበት ዝም አለ፣ የዋህ ሆነ። ይዤው ወደ ጓሮ ሄድኩ። ኡስማኤል በር ላይ ነው። እረደው አልኩት፣ ለናንተ ነው፣ ለማፍጠሪያችሁ። ዘይነባ ደነገጠች። የታዴ እናት፣ እሱ ካረደው እናንተ አትበሉትም እኮ፣ ጋሽ ሽብሩን ብትጠሪ አይሻልም አለች።

ለዚሁ ነው እኮ የኔ እህት። እኔ እንዳልበላው። በእስላም ቢላ ከታረደ በኔ ድስት አይገባም፣ በኔ ድስት ካልገባ የታዴ ወጥ አልተሠራም። ቃሌን አልበላሁም። እንደዚህ ብዬ ልነግራት ፈለግሁ፣ ዶሮውን ብቻ ለኡስማኤል ዘረጋሁለት። ገብቷት መሰለኝ እጄን ያዘችው።

ፊቴን አዞርኩ። ኡስማኤል ቢስሚላ ሲል ሰማሁ። ሌላ ምንም አልሰማሁም። ጆንያውን አጣጥፌ ተመለስኩ፣ ግቢዬን ያለ ሰፌድ አቋረጥኩት። ነፃ ወጣሁ ማለት ነው። እንዲህ ነው እንዴ ነፃ መውጣት? ደጃፉ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፣ ለዶሮ፣ በስመአብ።

ሲመሽ በሩ ተንኳኳ። ኢፍቱ ናት፣ ብቻዋን፣ በግቢው አቋርጣ። ሳህን ይዛለች። ሳምቡሳ፣ የምስር፣ እኔ እንድበላው ለብቻ የተጠበሰ፣ ከጎኑ ቴምር። ግራ ቀኝ ተገላመጠች። ኮርማ የለም? አለችኝ።

የለም ማለት አቃተኝ። ይህቺን ቃል በዚህ ቤት ማንም እንዲላት አልፈልግም። ሄዷል አልኳት።

መቼ ይመጣል? አለች።

ሳምቡሳውን ቀመስኩላት። ጉንጯን ሳምኳት፣ ጠባሳዋ አጠገብ።

አሁን ወስኛለሁ። ጥቁሯ ዶሮ መታቀፍ ፈልጋ ስትነጫነጭ ሰንብታለች። የሰሞኑ እንቁላል አለ፣ የሱ ዘር ነው። ነገ ጠዋት አሳቅፋታለሁ። ገብስማ ወንድ ከወጣልኝ እሱ ነው የታዴ። ከጫጩትነቱ ከኢፍቱ ጋር አላምደዋለሁ፣ ከእጇ ይበላል። እስኪፈለፈል፣ ላባ እስኪያወጣ፣ እስኪጮህ፣ ለቢላ እስኪደርስ መቼም ጊዜ አለው፣ እስከዚያማ መቼም ታዴ...