በድሩን የሚጠሩት ፈረንጆች

የለም፣ አልጃጀሁም ኩልሱም! ጎንደር መጥቼ ጉድ አየሁ። ሐኪሟ የልጅ ልጄ ሪሃና ስለ ዓይን ማዝ የጻፈችውን ሁለት መቶ ሰው ጠቅሶታል ብላ ከኮምፒውተሩ ብታነብልኝ፣ «በድሩ፣ በድሩ» ይላል! ልጄ በድሩ፣ አላህ ይዘንለትና፣ እዚያው ማክሰኝት ጨው ሲሸጥ ፊደል ሳይለይ አይደል የሞተው? «እማ፣ ፈረንጅ በአባት ስም ነው የሚጠራ» ትለኛለች። እኛ ዘንድ የሠራችውን ልጅ ትቶ አባቷን የሚያመሰግን ማን አለ? ጽሑፉ ከአባቷ ስም ወደ ራሷ ስም ካልዞረ የእሷ ሥራ ተብሎ አይቆጠርላትም፣ የሥራ ዕድገቷም ይቀራል አሉ አለቆቿ። ይዙር ብል የልጄ ስም ይጠፋል፤ አይዙር ብል ልጅቱ ተጎዳች። ግራ ገባኝ እቴ! ትንሿን ሰሚያን ሳሚልኝ፣ ጎረቤቱንም ሰላም በይልኝ። ቆይ፣ የሪሃና ጎረቤቶች ከደጅ «የበድሩ እናት!» እያሉ ይጣራሉ። ለካ እኔ እያለሁ ስሙ አይጠፋም፤ ሪሃና ወደ ስሟ ታዙረው። መጣሁ!